ብሩ አልቀለጠም

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሬዲዮው ክፍት ነበር። አስተናጋጁ ስለ ወዳጅነት እያወራ አንድ ታሪክ አመጣ። በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ አንደኛ የወጣው ካናዳዊ የወርቅ ሜዳሊያውን ሌባ ወሰደበት። ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊ ጓደኛው ደግሞ በኋላ የጥርስ ሐኪም ሆነና «የገዛ ራሱን የብር ሜዳሊያ አቅልጦ ለጓደኛው ወርቅ አድርጎ ሰጠው» ብሎ ደመደመ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጥህ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ከወረድኩ በኋላ ግን ንዴቱ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ተማሪዎቼ ይህንኑ ታሪክ ከስልካቸው ላይ አነበቡልኝ፤ ያውም «ብሩን በከፍተኛ ሙቀት ወደ ወርቅ ለወጠው» የሚል ተጨምሮበት። ያኔ ነው ይህን ጽሑፍ ልጽፍ የተቀመጥኩት።

ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው። የተበላሸው መካከሉ ነው፤ መካከሉ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ብር ቢቀልጥ የሚገኘው የቀለጠ ብር ነው። የብር አቶም በእሳት ወርቅ አይሆንም፤ እቶን ቀርቶ እሳተ ገሞራም አያደርገውም። ይህን ረዘም አድርጎ ማስረዳት የአንባቢን ጊዜ ማባከን ስለሚሆን እዚሁ ላይ እተወዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ «አቀለጠው» የምትለው አንዲት ቃል የጥርስ ሐኪሙን እውነተኛ ጥበብ ከታሪኩ አውጥታ ጣለችው። ሰውየው ሜዳሊያውን አላጠፋም። ልኩን ወሰደ፣ ሜዳሊያውን መልሶ ቦታው አስቀመጠ፣ በልኩ ላይ ወርቅ አፈሰሰ። ያ ደግሞ የጥርስ ሐኪም የዘወትር ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እናስተዋውቅ (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ካናዳዊው ደንካን ማክናውተን ነው። ያደገው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ኬሎና በምትባል ከተማ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ቫን ኦስደል ነው። ሁለቱም የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሁለቱም ዲን ክሮምዌል የሚባል የአንድ አሠልጣኝ ልጆች ነበሩ። ማክናውተን እዚያው ሎስ አንጀለስ ይማር ስለነበር ራሱ ጠይቆ ነው የካናዳ ቡድን ውስጥ የገባው። ሐምሌ 31 ቀን 1932 በተደረገው ፍጻሜ አራት ሰዎች 1.97 ሜትር ዘለሉ፤ 2 ሜትሩን አንዳቸውም አላለፉም። አራቱን ለመለየት ተጨማሪ ዝላይ ተደረገ። በዚያ መካከል ቫን ኦስደል ለተፎካካሪው ለማክናውተን የእግሩን አወራወር የሚያስተካክል ምክር ሰጠው። ማክናውተን አለፈ፤ ወርቁ የእሱ ሆነ። መካሪው ብር ወሰደ። ነሐሱን ፊሊፒናዊው ሲሜዮን ቶሪቢዮ አገኘ። አራተኛ የሆነው ወጣቱ ኮርኔሊየስ ጆንሰን ከአራት ዓመት በኋላ በርሊን ላይ 2.03 ሜትር ዘልሎ አሸነፈ።

ስለ ዝላዩ ብዙ አልልም። ያኔ ማረፊያው አሸዋ ስለነበር ዘላዩ እንዳይሰበር በእግሩና በእጁ መውረድ ነበረበት። በጀርባ መዝለል የመጣው ለስላሳ ፍራሽ ከተነጠፈ በኋላ ነው፤ ዲክ ፎስበሪ በ1968 ሜክሲኮ ላይ 2.24 ሜትር የዘለለው እንደዚያ ነው። በ1932ቱ 1.97 ለመሳቅ የሚዳዳው ሰው አሸዋ ላይ ዘልሎ ይሞክረው።

በዓመቱ፣ በ1933፣ የማክናውተን ሜዳሊያ ከመኪናው ውስጥ ተሰረቀ። እሱ ወደ ጂኦሎጂ፣ በኋላም ወደ ነዳጅ ፍለጋ ሄደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ አየር ኃይል አብራሪ ነበር። ቫን ኦስደል የጥርስ ሐኪም ሆነ። ከብር ሜዳሊያው ላይም ልክ ወስዶ በዚያ ልክ ለጓደኛው የወርቅ ሜዳሊያ አፈሰሰለት።

ለመሆኑ የብር ሜዳሊያ ለወርቅ ሜዳሊያ እንዴት ልክ ሊሆን ይችላል? በዚያ ኦሊምፒክ የወርቁም፣ የብሩም፣ የነሐሱም ምስል አንድ ነበር። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ካሲዮሊ የሠራው፣ ዘንባባና አክሊል የያዘች የድል እመቤት ምስል ነው፤ ከላይ የኦሊምፒኩ ቁጥር፣ ከተማውና ዓመቱ ተጽፏል። ዲያሜትሩ 55 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሦስቱን የሚለያቸው ብረቱ ብቻ ነው። እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም «የወርቅ» የሚባለው ሜዳሊያ ራሱ ብር ነው፣ ወርቅ የተቀባ ብር። ሙሉ ወርቅ የሆነ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ1912 ስቶክሆልም ላይ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ያጠለቀውም በወርቅ የተለበጠ ብር ነበር። ታምራት ቶላ በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶን አሸንፎ የወሰደው ሜዳሊያ 529 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ወርቁ 6 ግራም፣ ከኤፍል ማማ የተወሰደው ብረት 18 ግራም ነው፣ የቀረው ብር ነው። ይህን ስናገር «አትሌቶቻችን ተታለሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ማንም አልተታለለም፤ ደንቡ ግልጽ ሆኖ ተጽፎ ያለ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «ብር» ስንል ማዕድኑም ገንዘቡም አንድ ስም ስላላቸው ዜና ላይ «የብር ሜዳሊያ» ሲባል ልጆች ዋጋው የሚመስላቸው ጊዜ አለ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብር የምለው ሁሉ ማዕድኑን ነው።

ሌላም የተዛባ ወሬ አለ፤ አትሌቶች ሜዳሊያቸውን የሚነክሱት ወርቅነቱን ለማረጋገጥ ነው ይባላል። የሚነክሱት ፎቶ አንሺዎች ስለሚጠይቋቸው ነው። ንጹሕ ወርቅ ከጥርስ ቅብ፣ ማለትም ከኤናሜል፣ በብዙ እጥፍ ይለሰልሳል፤ ጥርስ ምልክት ሊያደርግበት ይችላል። ሜዳሊያው ግን ከላይ ስስ ወርቅ ከውስጥ ወፍራም ብር ነው። ኤናሜል ጠንካራ ቢሆንም እንደ ሸክላ ይሸረፋል። ጀርመናዊው የበረዶ ተንሸራታች ዴቪድ ሞለር በ2010 ቫንኩቨር ላይ ለፎቶ ብሎ የብር ሜዳሊያውን ነክሶ ጥርሱ ተሸርፏል። የጥርስ ሐኪም ሥራ እንግዲህ እዚህ ይጀምራል።

ክራውን፣ ማለትም የጥርስ ሽፋን፣ ያሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሆነውን ያውቀዋል። ሐኪሙ ማንኪያ በመሰለ ብረት ላይ ሊጥ ነገር ሞልቶ አፍ ውስጥ ያስገባና «ንከስ፣ አትንቀሳቀስ» ይላል። ሊጡ ሲጠነክር ይወጣል፤ ውስጡ የጥርሱ ቅርጽ ጎድጉዶ ቀርቷል። ታካሚው «ልክ ወሰዱልኝ» ይላል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። የሚፈስስበትን ባዶ ቅርጽ ግን ምን እንበለው? «ሻጋታ» የሚሉት አሉ፤ እኔ የቆየ እንጀራ ላይ ከሚወጣው ጋር ስለሚምታታብኝ አልወደውም። ግንበኞቻችን ኮንክሪት የሚሞሉበትን ሳንቃ «ካሳፎርማ» እንደሚሉት እኔም «ፎርማ» እላለሁ።

ከልኩ ወደ ወርቁ የሚወስደው መንገድ በሰም በኩል ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ከማንም ቀድሞ ሊገባው ይገባል፤ ምክንያቱም «ሰምና ወርቅ» የምንለው ከዚሁ ሥራ የወጣ ነው። ቅኔ ሲነሳ ሁሉም ሰምና ወርቅ ይላል፤ አንጥረኛው ሰሙን ምን እንደሚያደርገው ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው «ወርቁን በሰም ይሸፍነዋል» ብሎ ይመልሳል። አይሸፍነውም። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ አንዲት ቀዳዳ ይተዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። ውስጡ የሰሙን ቅርጽ የያዘ ባዶ ቦታ ይቀራል። የቀለጠው ወርቅ የሚገባው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ሰምና ወርቅ በአንድ ጊዜ አብረው አይገኙም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው በቦታው ይተካል። ከጥንት የቆዩ የቤተ ክርስቲያን መስቀሎቻችን ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ከመዳብ ቅይጥ የፈሰሱ ናቸው። ወርቁን ወይም መዳቡን ለማውጣት ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ አንድ ፎርማ አንድ መስቀል ብቻ ይሰጣል።

ይህን የሺህ ዓመታት ዘዴ ወደ ጥርስ ሕክምና በሰፊው ያስገባው ዊልያም ታጋርት የሚባል የኢሊኖይ ሐኪም ነው፣ በ1907። ከእሱ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ1897፣ ፊልብሩክ የሚባል የአይዋ ሐኪም ዘዴውን ገልጾት ነበር፤ በዚህም ምክንያት የታጋርት የባለቤትነት መብት በኋላ በፍርድ ቤት ወድቋል። ቫን ኦስደል ሲሠለጥን ዘዴው ለማንም ክፍት የሆነ የዕለት ሥራ ነበር።

አንድ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሺያኑ አጠገብ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰሙ ሰማያዊ ነው። ቴክኒሺያኑ የመንጋጋውን ክራውን በጋለ ቢላ ጫፍ ጠብ እያደረገ ሠራው፤ ከሽንብራ ብዙም አይበልጥም። ጀርባው ላይ የክብሪት እንጨት የሚያህል የሰም ዘንግ ተከለበት፤ ይህ በኋላ የወርቁ መግቢያ ይሆናል። በብረት ቀለበት ውስጥ አቆመውና ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጦ፣ አረፋ እንዳይኖረው በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ እያደረገ ሞላው። ሲደርቅ ምድጃ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ቀለበቱ ደም መስሎ ቀልቷል፤ ሰሙ የለም። ቴክኒሺያኑ ወርቁን በችቦ እሳት አቀለጠው፣ ቦራክስ በተነበት፤ የወርቁ ፊት እንደ መስተዋት ሲያበራ የማሽኑን ክንድ ለቀቀው። ክንዱ እንደ ወንጭፍ ዞረ፤ የቀለጠው ወርቅ ሽቅብም ቁልቁልም ሳይሆን ወደ ጎን ተወርውሮ ፎርማው ውስጥ ገባ። ይህ ሁሉ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ከዚያ ቀለበቱን ውሃ ውስጥ ከተተው፤ ጭስስ አለና ነጩ ድንጋይ ፈርሶ ወርቁ ብቻውን ቀረ።

ሰው ሁሉ የሚያየው እሳቱን ነው። የሚያስገርመው ግን ነጩ ዱቄት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ እውነተኛ ጀግናም እሱ ነው።

ችግሩን ላስቀድም። ብረት ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል። የተነጠረ ቅቤ በጣሳ ሲረጋ መሃሉ እንደሚሰረጉድ ያያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ወርቁ ሦስት ጊዜ ያንሳል፤ ገና ፈሳሽ ሳለ ሲበርድ አንድ፣ ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ሁለት፣ ጠጣር ከሆነ በኋላ እስከ ክፍሉ ሙቀት ሲወርድ ሦስት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማካካስ ይቻላል፤ በመግቢያው ላይ ትርፍ ወርቅ ይተዋልና ክራውኑ ሲጎድል ከዚያ ይጠጣል፣ ጥጃ ከእናቱ እንደሚጠባ። ሦስተኛውን ግን ማንም አይመግበውም፤ ጠጣር ነገር አይጠጣምና። መላው ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ ያንሳል፣ አቡጀዲ ታጥቦ እንደሚያጥረው። ለጥርስ በሚውለው የወርቅ ቅይጥ ይህ ማነስ 1.4 በመቶ ገደማ ነው።

1.4 በመቶ ምንም አይመስልም። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር በሆነ መንጋጋ ላይ 0.14 ሚሊሜትር ነው፣ የሁለት የጸጉር ዘለላ ውፍረት ያህል። ክራውኑን ከጥርሱ የሚያጣብቀው ሲሚንቶ ግን መስፈርቱ 0.025 ሚሊሜትር ድረስ እንዲቀጥን ነው የሚጠይቀው። ባክቴሪያ ደግሞ ከዚያም በብዙ እጥፍ ያንሳል። በ0.14 ያነሰ ክራውን ጥርሱ ላይ ጨርሶ አይቀመጥም፤ ተገፍቶ ቢቀመጥ እንኳ ከጫፉ ላይ በር ይከፍታል። ታጋርት ዘዴውን ካመጣ በኋላ ሐኪሞቹ ለብዙ ዓመታት ሲታገሉት የነበረው ይህን ነው።

ልብስ ሰፊ ጨርቁ እንደሚያጥር ካወቀ ምን ያደርጋል? አስፍቶ ይቆርጣል። እዚህ ግን ሰሙን አስፍቶ መሥራት አይቻልም፤ ሰሙ የተሠራው በጥርሱ ልክ ነው። ስለዚህ የሚሰፋው ፎርማው መሆን አለበት፤ ያውም ሰሙ ከወጣ በኋላ፣ ወርቁ ከመግባቱ በፊት፣ ሳይሰነጠቅ፣ በትክክል በሚያስፈልገው መጠን። ድንጋይ በትእዛዝ እንዲሰፋ ማድረግ ማለት ነው።

ነጩ ዱቄት የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ ጀሶና ሲሊካ። ጀሶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲገባበት መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ያበቅላል። ተቆጥሮ ቢታይ ጀሶውና ውሃው ተዋህደው የሚይዙት ቦታ ተለያይተው ከያዙት ያነሰ ነው፤ ከውጭ ሲለካ ግን ድብልቁ ያብጣል። በደመራ ሕዝብ መካከል ዝናብ ቢመጣና ሁሉም ጃንጥላውን ቢዘረጋ እንደሚሆነው ነው፤ ሰው አልተጨመረም፣ ግን አንዱ ጃንጥላ ሌላውን ይገፋል፣ ከመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ሕዝቡ ወደ ውጭ ይሰፋል። መርፌዎቹም እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከዚህ 0.4 በመቶ ገደማ ይገኛል።

የቀረውን የሚሰጠው ሲሊካው ነው። ጀሶ ብቻውን ቢግል ውሃውን እያጣ ይጨማደድና ይሰነጠቃል። ሲሊካ ግን ሲሞቅ ዝም ብሎ ቀስ እያለ አይሰፋም፤ በአንድ የሙቀት ደረጃ ላይ በድንገት ይዘረጋል። ኳርትዝ የሚባለው የሲሊካ ዓይነት በ573 ዲግሪ ሴልሺየስ ይዘላል፤ ክሪስቶባላይት የሚባለው ወንድሙ ከ200 እስከ 270 ባለው መካከል። በውስጡ የሆነው ይህ ነው፤ የሲሊኮንና የኦክስጅን አቶሞች ጎን ለጎን ተያይዘዋል፣ እጃቸው ግን በክርን በኩል ታጥፏል። ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጠባብቆ ክንዱን ሰብስቦ እንደተቀመጠ አስቡት። ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ አንዱም እጅ ሳይለቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ክርናቸውን ይዘረጋሉ። ወንበሩ አይበቃም፤ ጎኑ ይገፋል። ማሰሪያ አልተበጠሰም፣ ምንም ነገር አልተቃጠለም፤ ቅርጹ ብቻ ተቃና። ክሪስቶባላይት ያለበት ድብልቅ ወደ 700 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 በመቶ በላይ ይሰፋል። በዚህ ላይ የጀሶው 0.4 ሲጨመር ወርቁ የሚያንሰውን 1.4 ያህል ይሞላል። ፎርማው የሚሰፋው በ1.4፣ ወርቁ የሚያንሰው በ1.4። አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። እኔ ይህን ለተማሪ ሳስረዳ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ለምን ከ700 አናልፍም? ከዚያ በላይ ጀሶው ከተቃጠለው ሰም ካርቦን ጋር ተያይዞ ይፈርሳል፤ የድኝ ጋዝ ይለቃል፤ ያ ጋዝ ወርቁን ያበላሸዋል። መንገዱ ጠባብ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በዚያው በ1932 ሹ የሚባል ተመራማሪ ገና ያልደረቀውን ድብልቅ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት በአየር ላይ ከሚሰፋው በብዙ የበለጠ እንደሚሰፋ አሳተመ። እዚህ ላይ የእኔ ሙያ፣ የቁሳቁስ ሳይንስ፣ ገና ያልተስማማበት ነገር ስላለ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። ይህ መስፋት «ውሃ የመሳብ መስፋት» እየተባለ ይጠራል፤ ስሙ ግን ያሳስታል፣ ዱቄቱ እንደ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ አይደለም የሚያብጠው። የተለመደው ማብራሪያ መርፌዎቹን ዙሪያቸውን የሚይዛቸው የውሃ ቆዳ ከውጭ በሚመጣው ውሃ ስለሚላላ በነፃነት ያድጋሉ የሚል ነው። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ፤ የማይስማሙ ባልደረቦች ግን አሉኝ፣ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። ደግሞም የጠቀስኳቸው መቶኛዎች በቀጥተኛ መለኪያ ላይ የተወሰዱ ናቸው። በእውነተኛ ቀለበት ውስጥ ብረቱ ድብልቁን ያፍነዋል፣ ሰሙም በበኩሉ ይቃወማል፤ መስፋቱም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሆንም። ቀለበቱ እንዳያፍነው ውስጡን ለስላሳ ነገር ያለብሱታል፤ ድሮ የሚለብሰው አስቤስቶስ ነበር፣ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲታወቅ ቀረ። ልምድ ያለው ቴክኒሺያን ከእኔ ቁጥር ይልቅ በራሱ ውሃና ዱቄት ልኬት ይተማመናል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ወርቁም ቢሆን ዛሬ በሴራሚክ፣ ሰሙም በኮምፒውተር እየተተካ ነው፤ ይሻላል አይሻልም የሚለውን ክርክር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሜዳሊያው። ቫን ኦስደል የያዘው ሥራ ከመንጋጋ ጥርስ ይቀላል ወይስ ይከብዳል? በልኬት በኩል ይቀላል። 55 ሚሊሜትር በ1.4 በመቶ ቢያንስ ልዩነቱ 0.77 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱን ሜዳሊያዎች ጎን ለጎን ካላስቀመጡ በቀር ማንም አያየውም፣ በዚያም በኩል ባክቴሪያ አይገባም። በብዛት በኩል ግን ይከብዳል። አንድ የመንጋጋ ክራውን 3 ግራም አካባቢ ወርቅ ይፈልጋል። የ1932ቱ ሜዳሊያ 96 ግራም ገደማ ነበር፤ ያንኑ ቦታ ከብር ይልቅ በጥርስ ወርቅ ቢሞሉት፣ ወርቁ ከባድ ስለሆነ፣ ክብደቱ ከ140 ግራም ያልፋል። ወደ ሃምሳ ክራውን ማለት ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚፈስስ። ወፍራም ብረት ደግሞ ከዳር ወደ መሃል ስለሚረጋ የቅቤው ጣሳ ያሳየን ስርጉድ በውስጡ ቀዳዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የጥርስ ወርቅ ስል 24 ካራት ማለቴ አይደለም። ንጹሕ ወርቅ ለማኘክ ይለሰልሳል። ሦስት አራተኛው ያህል ወርቅ ሆኖ የቀረው ብርና መዳብ፣ ጥቂትም ፓላዲየም የመሰሉ ብረቶች ናቸው። የሬዲዮው አስተናጋጅ «ብር ወርቅ ውስጥ ገባ» ብሎ ቢሆን ኖሮ በዚህ በኩል ባልተሳሳተ ነበር፤ የገባው ብር ግን ከሜዳሊያው የመጣ አይደለም።

ለዓይን የሚታይ አንድ ልዩነትም ይኖራል። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አይፈስስም፣ በብረት ማኅተም ተመትቶ ነው የሚወጣው፤ እንደ ሳንቲም። የተመታ ምስል ጠርዙ ስለታም ነው፤ የፈሰሰ ምስል በመጠኑ ይደበዝዛል። በአጉሊ መነጽር የድል እመቤቷን ጣቶች የሚያይ ሰው የትኛው የፋብሪካ፣ የትኛው የሐኪም እንደሆነ ይለያል።

ወርቁስ? ሩዝቬልት በሚያዝያ 1933፣ ሜዳሊያው በተሰረቀበት ዓመት ማለት ነው፣ የአሜሪካ ዜጎች ከ100 ዶላር በላይ የወርቅ ሳንቲም እንዳይዙ፣ ያላቸውንም ለመንግሥት እንዲያስረክቡ አዘዘ። በ1934 መጀመሪያ ላይ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ20.67 ዶላር ወደ 35 ዶላር ከፍ ተደረገ። ተራ ሰው ወርቅ እንደልቡ የመያዝ መብቱ የተመለሰለት በ1974 መጨረሻ ነው። ትእዛዙ ግን ለኢንዱስትሪ፣ ለሙያና ለሥነ ጥበብ የሚያስፈልገውን ወርቅ ለይቶ ፈቅዷል። የጥርስ ሐኪም በመሳቢያው ወርቅ አስቀምጦ በሕግ መሥራት ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ማክናውተን ነዳጅ ፈላጊ ጓደኛ ብቻ ቢኖረው ኖሮ ይህ ሜዳሊያ አይሠራም ነበር።

ስለ ጂኦሎጂስቱም አንድ ልጨምር። ፎርማውን የሚያሰፋው ያ ኳርትዝ ለማክናውተን ሙያ እንግዳ አይደለም። ጂኦሎጂስቶች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የኳርትዝን የ573 ዲግሪ ዝላይ ድንጋይ በምን ያህል ሙቀት እንደተፈጠረ ለማወቅ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አንዱ ጓደኛ በተራራ ድንጋይ ውስጥ የሚያነበውን ሌላው በየቀኑ በትንሽ ምድጃ ውስጥ ይሠራበት ነበር።

የሬዲዮ ዝግጅቱን አዘጋጆች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ታሪክ ስታነሱ «አቀለጠው» የምትለዋን አውጡና «ልኩን ወሰደ» በሏት። ቫን ኦስደል ለጓደኛው ሲል ያጠፋው ነገር የለም። ሰሙ ፈሰሰ፣ ነጩ ድንጋይ ተሰበረ፤ ከፎርማው በፊትም በኋላም የብር ሜዳሊያው ያው ነበር።

ከማክናውተን ቀጥሎ በከፍታ ዝላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ካናዳዊ ዴሪክ ድሩዊን ነው፣ ከ84 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ሪዮ ላይ፣ 2.38 ሜትር ዘልሎ። የእሱ ሜዳሊያ 500 ግራም ነው፤ 494ቱ ብር፣ ለሁለት መንጋጋ ክራውን የሚበቃው 6 ግራም ብቻ ወርቅ።